10 ቀን ፈሳሽ ውስጥ የቆየ ብሌን ለእናቴ ሊገባላት ነው፣ እሺ ልበል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ

ሰላም ወገን። የዓይን ነገር የሚገባው ሰው ካለ በናታችሁ ድረሱልኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፣ ጊዜ የለኝም።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ፉክስ የሚባል የኮርኒያ (የብሌን፣ ያ ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) በሽታ አለባት። ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ጉም ይለብሳል። እስከ ምሳ ሰዓት የሰው ፊት አይለይላትም፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ገለጥ ይልላታል። መጀመሪያ ሞራ ነው ተብሎ ሞራው ወጣላት፣ ጉሙ ግን አልለቀቃትም። አሁን ዲሴክ የሚባለውን ንቅለ ተከላ ሊሠሩላት ነው። ብሌኑ እንዳለ አይቀየርም፣ ከጀርባው ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው የሚተካው ብለውናል።

ሰኞ ዕለት ቀጠሮ የምትይዘዋ ልጅ ደወለች። ሁሉም አልቋል፣ ብሌኑም ተመድቧል አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ከሰውየው ከወጣ ስንት ቀኑ ነው?» አልኳት። ወረቀቷን አገላብጣ ቀኑን ነገረችኝ። ስቆጥረው ሐሙስ ላይ ድፍን 10 ቀን። አሥር ቀን! እኛ ቤት እኮ ወጥ እንኳ አራተኛው ቀን ላይ ይደፋል። «ትንሽ ትኩስ የለም?» ስላት ሳቀችብኝ። እስከ 14 ቀን ይፈቀዳል፣ ፈሳሹ ይጠብቀዋል አለችና ሌላ ስልክ መጣባት መሰለኝ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማታ ማታ ጉግል ላይ ነኝ። የፈሳሹን ስም አንዱ ኦፕቲሶል ይላል፣ አንዱ ላይፍ ፎር ሲ ይላል፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ በሙቅ ነው የሚያስቀምጡት የሚል አነበብኩ። በሙቅ! ራሴ ዞረ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። እሷን የጨነቃት ሌላ ነው፣ «የማን ዓይን ይሆን? ክርስቲያን ይሆን?» እያለች ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ፈሳሽ የሚሉት ነገር ውጤቱን ይለውጠዋል ወይ? 10 ቀን የቆየውን እምቢ ብዬ አዲስ እስኪመጣ ብጠብቅ ያዋጣኛል? ወይስ ዝም ብዬ ነው የምጨነቀው? የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ። «አይዞህ» ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ባለፈው በቅቶኛል።


ማታ ፈረቃ

አይዞህ። (ይቅርታ፣ አመል ነው።)

እኔ እዚሁ አሜሪካ ዓይን ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ላብራቶሪ። ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የእናትህንም ዓይን አላየሁም። ግን ይሄን ፈሳሽ በየቀኑ ስነካካ ነው የምውለውና የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ ወጡን እርሳው። ወጥ የሞተ ነገር ነው። ብሌኑ ግን ሰውየው ሞቶም ሴሎቹ በሕይወት አሉ፣ ፈሳሹም የተሠራው እነሱን ለማኖር ነው። ኮርኒያው ከጀርባው አንድ ረድፍ ሴል አለው፣ ኢንዶቴሊየም ይባላል። ሥራው ፓምፕ ነው፣ ወደ ኮርኒያው የሚሰርገውን ውሃ እየቀዳ መልሶ ያወጣል። ኮርኒያ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ የሚታየው በዚህ ነው። እናትህ ላይ የደከመው ይሄ ፓምፕ ነው። ሌሊት ዓይኗ ተከድኖ ስለሚያድር ውሃው አይተንም፣ ኮርኒያው ያብጣል፣ ጠዋት ጉም ይሆናል። ቀን ተገልጦ ሲውል ይተናል፣ ይሻላታል። ክፉው ነገር እነዚህ ሴሎች ሰው ላይ አለመራባታቸው ነው። የሞተው ሞተ፣ ጎረቤቶቹ ተለጥጠው ቦታውን ይይዛሉ። ጤነኛ አዋቂ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 2,500 አካባቢ አለው። ወደ 500 ሲወርድ ፓምፑ ይረታል። ስለዚህ የፈሳሹ ወሬ ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ጥያቄ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ስንት ሴል በሕይወት ይደርሳል?

ፈሳሹን ላሳይህ። ኦፕቲሶል ውሃ የበዛበት የካርካዴ ሻይ ይመስላል። ቀለሙ ለውበት አይደለም፣ ጀርም ገብቶ አሲድ ቢሆን ወደ ቢጫ ስለሚሄድ እንድናውቅበት ነው። ውስጡ ጨው፣ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ቫይታሚን አለ፣ የሴሎቹ ስንቅ በለው። ኮንድሮይቲን ሰልፌትና ዴክስትራን ደግሞ ብሌኑ ውሃ ጠጥቶ እንዳያብጥ ይይዙታል። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ለባክቴሪያ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው ሴሎቹን ያስተኛቸዋል፣ ብዙ አይበሉም። ላይፍ ፎር ሲም በዚያው መንገድ የሚሠራ ነው። ኦፕቲሶል ነው ላይፍ ነው ብለህ እንቅልፍ አትጣ።

ሴሎቹን ልናይ ስንል መጀመሪያ ከፍሪጅ አውጥተን እንዲሞቅ እንጠብቃለን። ቀዝቃዛውን ብታየው ድብዝዝ ያለ ነገር ነው፣ ምንም አይቆጠርም። ሲሞቅ ግን ስድስት ስድስት ጎን ያላቸው ሴሎች እርስ በርስ ተገጣጥመው ብቅ ይላሉ፣ ልክ የማር እንጀራ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄን አይቼ አልሰለቸኝም። እናም ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሴል ቁጥር በግምት የመጣ አይደለም፣ ሰው ዓይቶ ቆጥሮት ነው።

ድሮ ዓይኑ እንዳለ እርጥብ ዕቃ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በሁለት ቀን ውስጥ ካልገባ አበቃለት። ሐኪሙ ከእንቅልፉ እየተጠራ ይሠራ ነበር። በ1974 ማኬሪና ካውፍማን የሚባሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ደህና ፈሳሽ አመጡ፣ እሱ 4 ቀን ሰጠ። ኦፕቲሶል በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጣና ወደ 14 ቀን ወሰደው። አንተ «ሐሙስ» የምትል ቀጠሮ የያዝከው በእሱ ነው። ለጋሹ እኮ በቀጠሮ አልሞተም።

አሁን ወደ 10 ቀንህ። በ2017 ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። 1,330 ዓይን፣ 40 የሕክምና ቦታ፣ ሁሉም ዲሴክ፣ ሕመምተኞቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ፉክስ ያለባቸው። ለእናትህ የተሠራ ጥናት በለው። ግማሹ እስከ 7 ቀን የቆየ ብሌን ገባለት፣ ግማሹ ከ8 እስከ 14 ቀን የቆየ። ከ3 ዓመት በኋላ ሳይበላሽ የቆየው በመጀመሪያዎቹ 95.3 ከመቶ፣ በሁለተኞቹ 92.1 ከመቶ ነው። 10 ቀን ብዬ እናቴን አላስቀርም ነበር፣ እኔ ብሆን።

ከቀኑ ይልቅ የሴል ቁጥሩን ጠይቅ። ለዲሴክ ብዙ ሐኪም ከ2,000 በታች አይወስድም። ለጋሹ ስኳር ነበረበት ወይ ብለህም ጠይቅ፣ በዚያው ጥናት ላይ የለጋሹ ስኳር ከመበላሸት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ቀዶ ጥገናው ላይ የሚፈጠር እክልም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ይሄን ሥራ ስንት ጊዜ እንደሠራው ብትጠይቅ ነውር የለውም።


ገብረ ሥላሴ ነኝ

ፀበል ሞክራለች ወይ ወንድሜ? አክስቴ በፀበል ነው የበራላት። ቢላዋ ከመንካቱ በፊት ብታስቡበት።


ቁጥር አያታልለኝም

ማታ ፈረቃ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። 92 ከ95 ያንሳል። ይሄን አይተህ ደግሞ «አላስቀርም ነበር» ትላለህ። እናቴ ብትሆን 3 ከመቶ ለኔ ትንሽ አይደለም። ዓይን ባንክ ስለምትሠራ የቆየውን ዕቃ ለማውጣት ያህል እንዳይሆን ብዬ ነው፣ አትቀየመኝ።


ማታ ፈረቃ

አልቀየምም፣ ጥሩ ቦታ ነው የያዝከው። እንዲያውም ጥናቱ ራሱ «ሁለቱ እኩል ናቸው» ብሎ መደምደም አልቻለም። አስቀድመው ልዩነቱ ከ4 ከመቶ እንደማይበልጥ ማሳየት አለብን ብለው ነበር፣ ቁጥሩ አላደረሳቸውም። ይሄን ደብቄ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።

ግን ከ8 እስከ 14 ያለውን በአንድ ጆንያ ካሰርከው ነገሩ ይሰወርብሃል። ፍታውና እየው። እስከ 4 ቀን የቆየው 96.5 ከመቶ። ከ5 እስከ 7 ቀን፣ 94.9። ከ8 እስከ 11 ቀን፣ 93.8። ከ12 እስከ 14 ቀን፣ 89.3። መውረዱ አለ፣ ግን ጎልቶ የሚወርደው መጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ላይ ነው። ጥናቱን የሠሩትም እስከ 11 ቀን ድረስ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው ብለው ነው የጻፉት። የልጁ እናት 10 ላይ ናት። 13 ላይ ብትሆን ኖሮ እኔም «ሌላ የለም ወይ?» በል እለው ነበር።

ሴሎቹንም ቆጥረዋቸዋል። ከ3 ዓመት በኋላ ቶሎ የገባው ብሌን 37 ከመቶ ሴሉን አጥቷል፣ ቆይቶ የገባው 40 ከመቶ። አየህ፣ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ፍሪጁ አይደለም። ቀዶ ጥገናው ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው።

«የቆየ ዕቃ ለማውጣት» ያልከው ላይ ግን ልቤን ነካኸው። በዓለም ላይ ብሌን ከሚያስፈልጋቸው 70 ሰዎች የሚያገኘው አንድ ነው የሚል ስሌት በ2016 ታትሟል። የኛን ብሌን አሜሪካ ውስጥ ፈላጊ ቢያጣ ውጭ አገር የሚጠብቀው አለ። በአውሮፕላን የሚሄደው ደግሞ ቀኑን የሚበላው መንገድ ላይ ነው። እነዚያ 14 ቀናት ባይኖሩ እሱም አይታሰብም።


የፍራንክፈርቷ

ወንድሜ፣ በሙቅ የሚያስቀምጡት እኛ ጋ ነው፣ እኔም በዚያ መንገድ የመጣ ብሌን ነው በግራ ዓይኔ የማይበት።

እኔ ኬራቶኮነስ ነበረብኝ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ በአለርጂ ዓይኔን ስፈትግ፣ ሳሽ ነው ያደግኩት። እናቴ «ተይ እጅሽን!» እያለች ስትጮህ ትዝ ይለኛል፣ ማን ሰምቷት። ኮርኒያዬ ሾጠጠ፣ ሌንስም አልይዝ አለ። ስለዚህ የኔ እንደ እናትህ ስስ ሽፋን አይደለም፣ ሙሉ ውፍረቱን ነው የቀየሩልኝ፣ ክሩ ዓይኔ ላይ ከዓመት በላይ ቆይቷል።

እዚህ ብሌኑን የሚያኖሩት ከ31 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፣ የሰውነት ሙቀት ማለት ይቻላል። ጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን በሉት። ሴሎቹ አይተኙም፣ ይበላሉ፣ ይሠራሉ። በዚህ ዓይነት 4 ሳምንት ይቆያል። አራት ሳምንት! ያንተ 10 ቀን እዚህ ገና ጅማሬ ነው። ችግሩ ብሌኑ ውሃ ይጠጣል፣ ውፍረቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ሲደርስ አንድ ሁለት ቀን ዴክስትራን ያለበት ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ያስገቡትና ያከሱታል። ዴክስትራን ራሱ ደግሞ ለሴሎቹ ብዙ አይመችም፣ ከቀኑ በላይ አያቆዩትም አለኝ ሐኪሜ።

ለምን ይሄን ሁሉ ይደክማሉ ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን ያገኘሁት ግን ከአፉ አይደለም፣ በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ቀዶ ጥገናዬ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ እህቴ ከስቱትጋርት ልጆቼን ልትይዝ ባቡር ላይ ሆና፣ ስልክ ተደወለ። ተሰርዟል። ፈሳሹ ላይ የሆነ ነገር በቅሏል ተባልኩ። ያልተሳደብኩት የለም፣ በአማርኛ ስለሆነ አልገባቸውም። እህቴ ማንሃይም ላይ ወርዳ ተመለሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ብሌን ተገኝቶ ገባልኝ።

በኋላ ሲገባኝ ግን፣ ያ የበቀለው ነገር ዓይኔ ውስጥ ሊበቅል ይችል ነበር። ሙቀቱ ሴሉንም ጀርሙንም ነው የሚቀሰቅሰው። ጀርም ካለ ቀድሞ ፈሳሹ ውስጥ ይታያል፣ ይጣላል። ቅዝቃዜው ደግሞ ሁለቱንም ያስተኛል። ማታ ፈረቃ፣ ይሄን ነገር አንተ ጋ እንዴት ነው የምታዩት? ፈንገስስ?


ማታ ፈረቃ

እውነትሽን ነው የኔ እህት፣ ደካማው ጎናችን እሱ ነው። ኦፕቲሶል ውስጥ ያሉት ሁለቱ መድኃኒቶች ለባክቴሪያ ናቸው፣ ፈንገስ አይነኩም። በዚያ ላይ አንቲባዮቲኩም ብርድ ላይ ብዙ አይሠራም፣ የተሻለ የሚሠራው ስናሞቀው ነው። ከ2007 እስከ 2010 ባለው ጊዜ እዚህ የተመዘገበው የፈንገስ ኢንፌክሽን ከ10,000 ንቅለ ተከላ 1.4 ነው። ትንሽ ነው፣ የደረሰበት ሰው ግን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። አምፎቴሪሲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ፈሳሹ ውስጥ ይጨመር የሚለው ክርክር ቆይቷል፣ ሲበዛ ሴሉን ይመርዛል የሚል ስጋት ስላለ።

ብዙ ሐኪም የሚያደርገው፣ ከብሌኑ ዙሪያ የሚተርፈውን ጠርዝ ላብራቶሪ ይልከዋል። የልጁ እናት ላይም ይሄ ይደረግ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

የሙቁ ይሻላል፣ የቀዝቃዛው ይሻላል የሚለው ላይ ግን ብሌኑ ከገባ በኋላ ያለው ውጤት ያን ያህል አይራራቅም። እናንተ ጋ ጊዜና ምርመራ ተገኘ፣ እኛ ጋ ቅለትና ዋጋ። አንድ ፍሪጅና አንድ ዕቃ ይበቃናል።


ሲስተር ከአዲስ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ አዲስ አበባ የዓይን ነርስ ነኝ። ሳነብ ትንሽ ፈገግ አልኩ። እናንተ ቀን ትቆጥራላችሁ፣ እኛ ለጋሽ ነው የምንቆጥረው።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ነው የተቋቋመው። ፈሳሹ እዚህ አይመረትም። ሕንድ አገር ማዱራይ ውስጥ አውሮላብ ኮርኒሶል የሚባል፣ እንደ ኦፕቲሶል 14 ቀን የሚያቆይ ፈሳሽ በርካሽ ይሠራል፣ እንደኛ ላሉ አገሮች ደህና መላ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚጠብቅ ሰው ወረፋው ረጅም ስለሆነ ብሌን 14 ቀን ፍሪጅ ውስጥ የሚውልበት ምክንያት የለም። ተነሣ፣ ተመረመረ፣ ገባ።

የኛ ጭንቅ ፈሳሹ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ሰው ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተነሣ ሴሉ እያለቀ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ፈሳሽ አይመልሰውም። የኛን አገር ቀብር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ያረፈ ሰው በነጋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። ሟች ቃል ገብቶ ካርዱ ትራስ ሥር እያለ፣ ቤተሰቡ ደርቆ ሲያለቅስ ማን ስልክ ያንሣ? አንድ ጊዜ አብሬ የሄድኩበት ቤት አልረሳውም። ድንኳን ተተክሏል፣ የዕድር ጡሩምባ ተነፍቷል፣ እኛ ትንሿን የበረዶ ሳጥን ይዘን በጓሮ በር ገባን። ታላቅ ወንድሙ «በትንሣኤ ቀን ያለ ዓይን እንዴት ይነሣል?» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። የሟች ሚስት ናት ከውስጥ «ቃሉ ነው፣ አስገቧቸው» ያለችው። የሚነሣው ግልጹ ስስ ሽፋን እንደሆነ፣ ፊቱ ላይ ምንም እንደማይታወቅ ስናስረዳ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ያቺ ሃያ ደቂቃም ከሴሉ ነው የምትቆረጠው።

ሌላው ሰው የሚረሳው፣ ብሌኑ የሚገባበት ዓይን ነው። ንቅለ ተከላ ማለት እኮ ችግኝ ነቅሎ መትከል ነው። ፉክስ ያለበት ዓይን ደህና መሬት ነው፣ ደም ሥር የለበትም፣ እንባው አልደረቀም። ትራኮማ ያጠፋው ዓይን ግን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ይወጋል፣ እንባው ደርቋል፣ ኮርኒያው ላይ ደም ሥር ወጥቷል። እዚያ ላይ የሁለት ቀን ብሌን ብትተክል ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ቆቡ ካልተስተካከለ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ልጄ፣ የእናትህ 10 ቀን እኔን አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ ስለ ፀበልም ስለተነሣ ልናገር። ወንድማችን፣ በሃይማኖት አልገባም፣ እኔም ፀበልተኛ ነኝ። ግን ከተሠራላት በኋላ ትጠጣው እንጂ ፊቷ ላይ አይረጭባት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ዓይኗ ውስጥ አይግባ። ጠብታውን ደግሞ በሰዓቱ፣ በተለይ ስቴሮይዱን። «ተሽሎኛል» ብለው የሚያቆሙት እናቶች ናቸው መልሰው የሚመጡት። ዓይኗ ቢቀላ፣ ብርሃን ቢያስጠላት፣ እይታዋ ቢቀንስ እስከ ነገ አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ውሰዳት።

ክርስቲያን ይሆን ወይ ላለችው ደግሞ፣ ማንም አይነግራችሁም፣ እዚያም ሚስጥር ነው እዚህም ሚስጥር ነው። ስሙን ባታውቀውም ለነፍሱ ጸሎት ማድረግ ትችላለች በላት። እናቶች ይሄ ሲነገራቸው ረጋ ይላሉ።


ማርታ ቦሌ

ሲስተር እጅሽ ይባረክ። የለጋሹ ዕድሜስ? ሽማግሌ ቢሆንስ?


ማታ ፈረቃ

ስለ እሱም ጥናት አለ። ለጋሹ እስከ 65 ዓመት ቢሆን ወይም ከ66 እስከ 75 ቢሆን፣ ከ5 ዓመት በኋላ ሁለቱም ዘንድ 86 ከመቶው ደህና ነበር። 10 ዓመት ላይ ትንሽ ተለያዩ፣ 77 እና 71። የ71 ዓመት እናት ከ70 ዓመት ለጋሽ ብትቀበል አትፍሩ።


የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ

ወገኖች፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ። ስድስት ሳምንት ሆነው።

ረቡዕ ዕለት ሐኪሙን ስልክ ላይ አገኘሁትና ጥያቄዎቻችሁን በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፌ አነበብኩለት። ሴል 2,710። ስኳር የለም። ጠርዙ ላብራቶሪ ይሄዳል። «ማን ነው ይሄን ያስጠናህ?» አለኝ። የሰፈር ሰዎች ናቸው አልኩት። በአሥረኛው ቀን ገባላት።

ከባዱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ነበር። ሽፋኑ እንዲጣበቅ ዓይኗ ውስጥ አየር ይነፉበታል፣ አየሩ ወደ ላይ ገፍቶ እንዲይዘው ደግሞ በጀርባ ተኝቶ ጣሪያ ማየት ነው። እናቴ በጀርባዋ ተኝታ አታውቅም። «እንደ ሬሳ አጋደማችሁኝ» ብላ ቤቱን ሞላችው። እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌሊቱን ሙሉ የጎጃም ዘመዶቻችንን ስም ዝርዝር ሳስቆጥራት አደርኩ፣ እንዳትዞር። ፀበሉን ትጠጣለች፣ አትረጭም። ሲስተር፣ ያንቺን መልእክት ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። ለሰውየውም ሻማ ታበራለታለች፣ «ለዚያ ሰው» ነው የምትለው።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነበረም፣ ጉሙ እንዳለ። ተስፋ ቆርጬ እንደገና ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ጠዋት ነው የምላችሁ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን ቡና ልታፈላ ረከቦቱን ሳበችና ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ባለቤቴን ጠራቻት። «በዚህ ነው ዓመት ሙሉ ስታጠጡኝ የከረማችሁት?» አለች፣ የሲኒው ጠርዝ ላይ የደረቀውን አተላ በጥፍሯ እየፋቀች።

ግራ ዓይኗ ለጥቅምት ተይዟል።